የአዲስ አበባ ዙሪያ አርቢ ወተቱን ለማኅበር ብቻ ይስጥ?

ለክርክር የቀረበው፦ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በሆለታ ሁለትና ሦስት ላም ያላቸው አርቢዎች ወተታቸውን በየቤቱ ከመሸጥ ታግደው በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ብቻ እንዲያቀርቡ ቢደረግ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

የቀድሞ ወተት ተረካቢ፦ እኔ እደግፈዋለሁ። በማሰባሰቢያ ጣቢያ ስሠራ፣ ናሙናው ከእኩል መጠን አልኮል ጋር ተቀላቅሎ ከተቋጠረ ወተቱ መኮምጠር ጀምሯልና እንመልሰው ነበር፤ ውኃ የተጨመረበትንም የወተት እፍጋት የሚለካው መሣሪያ፣ ላክቶሜትሩ፣ ያጋልጠዋል። በየደጁ የሚዞረውን ወተት ግን ማን ይለካዋል? ማቀዝቀዣ ታንክም ቢሆን አንድ አርቢ ብቻውን የሚገዛው ዕቃ አይደለም።

የሱሉልታ አርቢ፦ ወንድማችን ስለ መለኪያው የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገሩን ሁሉ የጥራት ጉዳይ ማድረጋቸው ግን አልተዋጠልኝም። ሦስት ላሞች አሉኝ። የጧቱን ወተት ተረካቢው 1 ሰዓት ላይ ይወስደዋል፤ የማታውን የሚቀበለኝ ስለሌለ ጀሪካኑን ቀዝቃዛ ውኃ በሞላው ገንዳ ውስጥ ነክሬ አሳድረዋለሁ፣ ጧት ያ አልኮል ከፈረደበትም ለእርጎ ከመተው በቀር ምርጫ የለኝም። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ላሟ ጾም አታውቅምና 55 ቀን ሙሉ ትታለባለች፤ ተረካቢው ግን የሚወስደውን መጠን ይቀንሳል፣ የመኖው፣ የፉሩሽካውና የፋጉሎው ዋጋ ግን ለጾም ብሎ አይቀንስም። «ቅቤ አውጪበት» የሚሉኝ አሉ፤ ከድቅል ላም ወተት 1 ኪሎ ቅቤ ለማግኘት ከ20 ሊትር በላይ እንደሚናጥ የናጠ ያውቀዋል። በዚያ ወቅት ደግፈው ያቆሙኝ የማይጾሙ ደንበኞቼና ሕፃናት ያሏቸው እናቶች ናቸው።

የእንስሳት ሐኪም፦ እህታችን የገለጹት ኪሳራ የማይካድ ነው። ይሁን እንጂ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን የከብት በሽታና የከብት ቲቢን ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ደንበኞችዎ አፍልተው ይጠጡ ይሆናል፤ ለሕፃን በሚሰጥ ወተት ላይ ግን «ይሆናል» አይበቃም።

የሱሉልታ አርቢ፦ አፍሉት ብዬ ሳልናገር ያስረከብኩበት ቀን የለም፤ ቤታቸው ገብቼ ግን አላይም፣ በዚህ ረትተውኛል። ማኅበሩ የማታውንም የጾሙንም ወተት ሳይመርጥ ለመረከብ በጽሑፍ ይፈርም፤ እኔም ደንበኞቼን በማግስቱ እተዋለሁ።

የቀድሞ ወተት ተረካቢ፦ የማታውን መረከብ ይቻላል፤ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ታንኩን የሚያሠራ ጄኔሬተር ካለ ማለቴ ነው። የጾሙን ግን፣ የተረፈውን ወተት ወደሚቆይ አይብ ወይም ዱቄት የሚለውጥለት ሳይኖር፣ ማኅበሩም የሚያደርስበት የለውም። እኔ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ብሆን አልፈርምም።