በኤሌክትሮኒክ ድራም ስቀዳ ምቱ ይዘገይብኛል

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ድራሜን በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ ቤት ውስጥ እየቀዳሁ ነው። ስኔሩን ስመታ ድምፁ ጆሮዬ የሚደርሰው ዱላው ከተነሳ በኋላ ነው። ግሩቩ ጠፋብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ በዚህ ብዙ ተሰቃይቻለሁ። የበፈር ሳይዙን እየው፤ ላፕቶፑ በአንድ ጊዜ አጠራቅሞ የሚያስተናግደው የድምፅ ናሙና (ሳምፕል) ብዛት ማለት ነው። በ44.1 ኪሎኸርዝ 1024 ሳምፕል ብቻውን 23 ሚሊሰከንድ ገደማ ያዘገያል። 128 ስታደርገው ወደ 3 ይወርዳል። ቀድተህ ጨርሰህ ድምፆቹን ስታዋህድ (ሚክስ ስታደርግ) መልሰህ ከፍ አድርገው። ሚዲውንም፣ ማለትም ድምፁን ሳይሆን የቱን ከበሮ መቼና በምን ያህል ኃይል እንደመታህ የሚይዘውን መረጃ፣ መቅዳት እንዳትረሳ! አንዴ ሙሉ ዘፈን መትቼ ስኔሩ አልጥም አለኝ። ሚዲው ስለነበረኝ እንደገና ሳልመታ ድምፁን ብቻ ቀየርኩት።

መልስ 2፦ ወይም ጆሮ ማዳመጫህን ሞጁሉ (የድራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሳጥን) ላይ ሰክተህ የድራሙን የራሱን ድምፅ እየሰማህ ምታ።

ጠያቂው፦ 128 አደረግኩት፣ ተስተካከለ! ተባረኩ።