የ2ኛው ሴሚስተር የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ዕቅድ፦ ረቂቁን እዚሁ እንጨርሰው

ሰብሳቢ፦
እንደምን ዋላችሁ። ለርዕሰ መምህሯ የምናስገባው ሐሳብ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። ረቂቁ ላይ «የወላጆችን ተሳትፎ ማጠናከር» ብዬ ጽፌ ነበር፣ መልሼ ሳነበው ለራሴም ምንም አልነገረኝ። አንድ ነገር ብቻ እንምረጥ።

የ1ኛ ክፍል እናት፦
ትምህርት ቤት የምንጠራው ወይ ለመዋጮ ነው ወይ ልጁ ሲያጠፋ። «ወላጅ ይዘህ ና» የተባለ ልጅ ሌሊቱን አይተኛም፣ እኔም አልተኛም። ጎበዝ ሲሆንስ ማን ጠርቶኝ ያውቃል?

የታክሲ ሹፌሩ፦
ስብሰባው ሐሙስ 8 ሰዓት ከሆነ እኔን እርሱኝ። ባለፈው የቀን ገቢዬን ጥዬ መጥቼ ሪፖርት ሲነበብ ዋለ፣ የልጄ ስም አንዴም ሳይነሳ ወጣሁ።

የ5ኛ ክፍል አባት፦
እንደ እድር ይሁን። ያልመጣ 100 ብር ይቀጣ።

የታክሲ ሹፌሩ፦
ጋሼ፣ ከፍዬ እቀራለኋ! ከሥራ ከመቅረት ይረክሳል።

ሰብሳቢ፦
ቅጣቱ ይቅር። እሁድ ከሰዓትስ?

የ4ኛ ክፍል እናት፦
እሁድማ እድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ ልብስ አጠባው አለ። ይልቅ ጠዋት ልጅ ስናደርስ ሁላችንም በር ላይ ነን። እዚያው ለምን አንነጋገርም?

የ3ኛ ክፍል መምህር፦
ይሄ ተመችቶኛል፣ ግን ክፍሌ ውስጥ 58 ልጆች አሉ። ከሰልፍ በፊት በቀን 3 ወላጅ፣ ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ከሆነ በ4 ሳምንት ሁሉንም አዳርሳለሁ። የምናወራውም ንባብ ብቻ ይሁን። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ብዙ የ2ኛ ክፍል ልጆች አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አቅቷቸው ነበር፤ እኔም ዛሬ 3ኛ ክፍል ደርሰው ፊደል በጣት እየቆጠሩ የሚያነቡ ልጆች አሉኝ። ማታ ማታ 10 ደቂቃ ጮክ ብለው ቢያነቡ ለውጡን በሴሚስተሩ ውስጥ አየዋለሁ።

የ1ኛ ክፍል እናት፦
ቲቸር፣ የኔ ልጅ ማታ የሚያገኘው አያቱን ነው። እሷ ፊደል አልቆጠረችም።

የ3ኛ ክፍል መምህር፦
ትስማው፣ ይበቃል። ሲጨርስ ያነበበውን በራሱ ቃል ይንገራት። የት ላይ እንደሚንተባተብ ለመስማት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ደብተሩ ጥግ ላይ አንድ ጭረት ታድርግ፣ ጠዋት እኔ አያለሁ።

የ5ኛ ክፍል አባት፦
እሺ፣ ቅጣቱን ትቼዋለሁ። የግራንቱ፣ ማለትም ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የድጋፍ ገንዘብ፣ ወጪ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ የሚለው ግን ይግባ።

ሰብሳቢ፦
እሱ በሌላ ደብዳቤ ይሂድ ጋሼ፣ እዚህ ከገባ ንባቡን ይውጠዋል። ረቂቁ እንዲህ ሆኗል፦ «ከየካቲት ጀምሮ መምህራን ጠዋት በር ላይ በቀን 3 ወላጆችን ለ5 ደቂቃ ያነጋግራሉ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ልጁ የሚችለው ብቻ ይነገራል፤ ጥፋትም መዋጮም አይነሳም። ቤት ውስጥ ልጁ 10 ደቂቃ ያነባል፣ አንድ ሰው ይሰማል።»

የ4ኛ ክፍል እናት፦
«ወላጆች» የሚለው ላይ «ወይም አሳዳጊዎች» ጨምርበት። አያትየው እንዳይቀሩ።

የታክሲ ሹፌሩ፦
እኔን ከመጀመሪያዎቹ 3 አድርጉኝ። ታክሲዋን በር ላይ አቁሜ እገባለሁ፣ ትራፊክ ከመጣ ግን ንግግሩን አቋርጬ እሮጣለሁ።