ኩርዓተ ርእሱን ገዝተን እናምጣው ወይስ ያለ ክፍያ ይመለስ?

አወያይ፦ ከመቅደላ የተዘረፈው ኩርዓተ ርእሱ፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል፣ ፖርቱጋል ውስጥ በግለሰብ እጅ ነው። ከያዘው ሰው እንግዛው ወይስ በነጻ ይመለስልን እንበል? ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ።

የመቅደላ ልጅ፦ አንድ ሳንቲም እንዳይከፈል! በሚያዝያ 1868 ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ሥዕሉን የወሰደው ሪቻርድ ሆምስ ነው። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሆኖ ሳለ ለሙዚየሙ አላስረከበም፣ ለራሱ አስቀረው። በ1872 ዐፄ ዮሐንስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥቱንና ሥዕሉን ጠየቁ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን ደብዛው የለም ተባሉ። ያኔ ሆምስ የንግሥቲቱ የዊንዘር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። በኋላ በ1917 እና በ1950 ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ ተሸጠ። የተዘረፈ ነገር እጅ ስለለወጠ ይጸዳል?

ነገረ ሕግ፦ ወንድሜ፣ በፍትሑ እስማማለሁ፤ ፍርድ ቤት ግን አያዋጣንም። ሕገ ወጥ የቅርስ ዝውውርን የሚከለክለው የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት ወደ ኋላ ሄዶ አይሠራም። ዋናው እንቅፋት ደግሞ ዋጋው አይደለም፦ ፖርቱጋል በ2002 ሥዕሉን በጥበቃ መዝገብ ስላስገባችው ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ነገ ብንገዛው እንኳ ፖርቱጋል ውስጥ የተቀመጠ ሥዕል ባለቤት ሆነን እንቀራለን። ስለዚህ መጀመሪያ መንግሥት ለመንግሥት ድርድር፣ ቀጥሎ የመውጫ ፈቃዱ በጽሑፍ፤ ክፍያ ካለም ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን አደራ ተይዞ ፈቃዱ ሲወጣ ይለቀቃል።

ጎንደሬ፦ መክፈልን እንደ ውርደት አትዩት። በ1744 በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ሥዕሉ በስናር (በዛሬዋ ሱዳን የነበረ መንግሥት) ጦር ተማርኮ አባቶቻችን በወርቅ ዋጅተውታል።

የመቅደላ ልጅ፦ ያ የጦር ምርኮ ቤዛ ነው፣ በገበያ ዋጋ አልተገዛም። ዛሬ ብንከፍል የመቅደላ ዕቃ በቁም ሳጥኑ የያዘ ሁሉ ዋጋ ይቆርጣል። በ2002 የኤዲንብራ ቤተ ክርስቲያን ከመቅደላ የተወሰደውን ታቦት የመለሰው ሳይከፈለው ነው።

ነገረ ሕግ፦ በ2021 ከእንግሊዝ የመጡትን ቅርሶችስ? ለጨረታ ወጥተው በኤምባሲያችን ጥያቄ ከጨረታው ተነሡ፤ አንድ በጎ አድራጊ ተቋም ገዝቶ አስረከበን። መንግሥት ሳይከፍል ተመለሱ። ይህን መንገድ አትዝጉት።

ሥዕል ጠጋኝ፦ ሁላችሁም ሥዕሉ እንጨት ላይ መሣሉን ረሳችሁት። እንጨት በበጋ ደረቅ አየር ይኮማተራል፣ በክረምት እርጥበት ያብጣል፤ ቀለሙ አብሮት ስለማይለጠጥ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ተሰንጥቆ ይረግፋል። እርጥበቱ 50 በመቶ አካባቢ የሚጸና የታሸገ የመስታወት ሣጥን እርጥበት በሚያመጣጥን ሲሊካ ጄል ተዘጋጅቶ ይጠብቀው። ሲደርስም ማሸጊያው ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይከፈት ክፍሉን ይልመድ። ቸኩሎ የከፈተ ቀለሙን ያጣል። ዕጣን የሚታጠንበትና ጧፍ የሚበራበት ቦታ ሥዕሉ እንዲሰቀል አልደግፍም።

ጎንደሬ፦ ለበዓል እንኳ ምእመናን አያዩትም?

ሥዕል ጠጋኝ፦ ከነሣጥኑ ይታያል፣ ሣጥኑ አይከፈትም።

ነገረ ሕግ፦ ሊዝበን «ሠዓሊው የእኛ ሰው ነው» ብትልስ? ለዚህም መልስ እናዘጋጅ።

የመቅደላ ልጅ፦ ሊቃውንቱ ራሳቸው ሠዓሊው የፍላንደርስ (የዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ) ሰው ነው ወይስ የፖርቱጋል እያሉ አልተስማሙም። የጎንደር ነገሥታት ግን ለጦርነት ይዘውት ሲዘምቱ፣ ሰው ሲምልበት ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ሠዓሊዎቻችንም እያዩ ደጋግመው ቀድተውታል። ለፖርቱጋል የምንጽፈው ደብዳቤ በዚህ ይጀምር።