ላይት ስንት ይበቃል? ከጥር በፊት የምንጨርሰው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊው፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ የድሬና የሐረር ዲጄዎች ማኅበር አባላት። እንደተለመደው በሰፈራችሁ ስም ጻፉ (ሳቢያንና መጋላ የድሬ ሰፈሮች ናቸው)። ጥምቀት ካለፈ ሰርጉ እንዴት እንደሚጎርፍ ታውቃላችሁ። ከዚያ በፊት ለአዳራሽ ባለቤቶች፣ ለዲኮር ሠሪዎችና ለደንበኞቻችን ስለ ሰርግ ላይት የምንሰጠውን ወረቀት እንጨርስ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ከበለጠ ማንም አያነበውም።

ጥያቄው ከሁለት በኩል ነው የመጣብን። ደንበኛው "እከሌ ስምንት ሙቪንግ (ራሱን እያዞረ ጨረር የሚወረውር ላይት) ይዞ መጥቷል፣ አንተስ?" ይላል። የአዳራሹ ባለቤት ደግሞ "ብዙ ጭናችሁ ብሬከሬን ጣላችሁት፣ መብራቱ ጠፋ" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የእኔ መነሻ ሐሳብ፦ በላይት ቁጥር አንወስን፤ በፕሮግራሙ ሰዓት እንወስን። ምግብ ሲበላ፣ ሙሽሮች ሲገቡና ጭፈራው ሲደምቅ የሚያስፈልገው ብርሃን አንድ አይደለም። በዚህ ላይ ሐሳባችሁን ጣሉ።

የሳቢያኑ፦
አቦ ጸሐፊ፣ ወረቀት ላይ ያምራል። ገበያው ግን ሌላ ነው። ደንበኛ ቲክቶክ ላይ ያየውን ነው የሚፈልገው። ላይት የሌለው ዲጄ አሁን ዲጄ አይባልም። እኔ ሁለት ሙቪንግ ብቻ ይዤ ብሄድ ነገ ስልኬ አይጠራም። ማኅበሩ "ቀንሱ" ካለ የሚጎዳው ሕግ አክባሪው ነው፤ ማኅበር ውስጥ የሌለው አሥራ ሁለት ይዞ ይመጣል፣ ያውም በነጻ።

አንጋፋው፦
ልጄ፣ "በነጻ" ያልከው ላይ ነው በሽታው ያለው። ላይት በነጻ የሚጨመር ነገር ከሆነ ማንም አያስብበትም። ጭኖ መጥቶ መደርደር ብቻ ይሆናል። ዋጋ ያወጣ ነገር ግን "ለምን አስፈለገ?" ተብሎ ይጠየቃል። ደረሰኙ ላይ ሳውንድ ለብቻ፣ ላይት ለብቻ ይጻፍ። እኔ ከዚህ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ጸሐፊው፦
ጋሼ ያሉትን ይዤዋለሁ፤ የመጀመሪያው ነጥብ ይሁን። ቀብድ ስንቀበልም ውሉ ላይ ሁለቱ ተለይተው ይጻፉ።

የመጋላዋ፦
አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ አዳራሾች ውስጥ ላይታችን ደካማ የሚመስለው ላይታችን አንሶ አይደለም። ጣራው ላይ ያለው ፍሎረሰንት ሁሉ እየበራ ስለሆነ ነው። ነጭ ብርሃን ቤቱን ሞልቶት ቀይና ሰማያዊ ፓር (አንድ ቦታ ቆሞ ቀለም የሚረጭ ላይት) ብትደረድር ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀለም ይታያል፣ አለቀ። ከዚያ ዲጄው "አነሰ" ብሎ ሌላ አራት ይጨምራል። ጣራው ሳይጠፋ ሃያ ብትጨምርም ያው ነው።

ስለዚህ ከአዳራሹ ባለቤት ጋር መጀመሪያ የምንነጋገረው ማብሪያ ማጥፊያው እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። ከጭፈራው በላይ ያለው መስመር ለብቻው ይጠፋል ወይ? አንዳንዱ ቤት አንድ ማብሪያ ሁሉንም ይይዛል። ያኔ ወይ ሁሉም ይበራል ወይ ሁሉም ይጨልማል።

ሁሉም ከጨለመ ደግሞ እናቶች ይቆጣሉ። "ይሄ ሰርግ ነው ወይስ ጭፈራ ቤት?" ተብያለሁ። ልክ ናቸው። ሽማግሌ ወንበሩን አያይም፣ ሕፃን ይወድቃል። የጠረጴዛው በኩል ለስለስ ያለ ሞቅ ያለ ብርሃን ይቆይ፤ ጭፈራው በኩል ብቻ ይጨልም። ሰው ቦግ ባለ ብርሃን ውስጥ አይጨፍርም፣ ያፍራል። ግማሽ ጨለማ ስጡትና እዩት።

የሳቢያኑ፦
ይሄኛው ገባኝ። ግን ቀን ምሳ የሆነስ? ድሬ ላይ ግማሹ ሰርግ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ ድንኳን ውስጥ።

የመጋላዋ፦
ቀን ላይት አትደርድር፣ ወንድሜ! የቀትር ፀሐይ እስከ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይደርሳል። ካለን ላይት የትኛው ነው ከዚያ ጋር የሚወዳደር? ድንኳኑ ነጭ ከሆነ ብርሃኑን ራሱ ይበትነዋል። ለቀን ሙሽሮቹ የሚቀመጡበት ጥላ ከሆነ ብቻ ሁለት ሞቅ ያለ ነጭ በቂ ነው። ሙቪንጉን በድሬ ፀሐይ ብታስቀምጠው ከመድመቁ በፊት ሞቆት ራሱን ያጠፋል።

ቪዲዮ ቀራጩ (በጸሐፊው ጋባዥነት)፦
እኔ የማኅበሩ አባል አይደለሁም፣ ግን ሥራችሁ የሚቀረው እኔ ዘንድ ነው። ሙሽሮቹ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያዩት ቪዲዮውን ነውና።

ሙሽራዋ ፊት ላይ ቀጥታ ሰማያዊ ወይም ቀይ አታብሩ። ካሜራው አንዱን ቀለም ብቻ ይጠግብና የፊቷ ቅርጽ ይጠፋል። በኤዲቲንግም አይመለስም። ነጩ ቬሎ ደግሞ ያረፈበትን ቀለም ሁሉ ይቀዳል። አረንጓዴ ቬሎ ለብሳ የገባች ሙሽራ ኤዲት አድርጌያለሁ፤ እናቷ ያለችኝን እዚህ አልጽፍም። ቀለሙን ግድግዳውና መጋረጃው ላይ ጣሉት። ፊት ላይ 3200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ የሆነ ሞቅ ያለ ነጭ፣ ከግራና ከቀኝ፣ ከዓይን ትንሽ ከፍ ብሎ። ከፊት ለፊት ቀጥታ ከሆነ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያልፉት።

ሁለተኛ፣ ርካሽ ሌድ (LED) ላይት ሲደበዝዝ በፍጥነት እየበራና እየጠፋ ነው። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ጥቁር መስመር ሲወርድበት ያያል። ከፕሮግራሙ በፊት አምስት ደቂቃ ስጡኝና አብረን እንሞክር። ሦስተኛ፣ ሌዘር ሌንስ ውስጥ ከገባ የካሜራውን ሴንሰር፣ ምስል የሚቀበለውን ክፍል፣ ሊያቃጥል ይችላል። የሴንሰር ዋጋ የሌዘሩን ዋጋ ስንት እጥፍ እንደሆነ ጠይቁ።

የሐረሩ፦
ሌዘር ከተነሳ አይቀር፣ እኔ ጭራሽ አንጠቀምበት ነው የምለው። ሰው ላይ የሚተኮስ ሌዘር ዓይን ይጎዳል። የሚሸጡልን ደግሞ ጉልበቱ ስንት እንደሆነ በትክክል የተጻፈባቸው አይደሉም።

ኤሌክትሪሻኑ፦
ድሬ ላይ ሌላም ምክንያት አለ። አየር ማረፊያው ለከተማው ቅርብ ነው። ግቢ ውስጥ ወይም ሰገነት ላይ ሆኖ ሌዘር ወደ ሰማይ መልቀቅ ለማረፍ የሚመጣን ፓይለት ዓይን ያጥበረብራል። ይሄ የጣዕም ጉዳይ አይደለም። ከቤት ውጭ ሌዘር ጭራሽ አይኑር ብለን እንጻፍ።

የሳቢያኑ፦
እሺ ሌዘሩን ለቅቄያለሁ። እኔም ግቢ ውስጥ ስጠቀም ደስ አይለኝም ነበር። ስትሮብን፣ ብልጭ ድርግም የሚለውን ላይት፣ ግን አልለቅም! ዘፈኑ ሲፈነዳ ስትሮብ ከሌለ ምኑን ፈነዳ?

የመጋላዋ፦
ልቀቅ አላልንህም። ግን ልክ ይኑረው። በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚሆን ብልጭታ አንዳንድ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሊጥል ይችላል። ሁሉንም አይደለም፣ ከመቶው ሕመምተኛ 3 ያህሉን ነው። የእንግሊዝ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ለጭፈራ ቤቶች በሰከንድ ከ4 አይብለጥ ይላል። ሁለት ስትሮብ ካለህ ደግሞ አንድ ላይ ይብለጭለጩ። ለየብቻ ከሆኑ ብልጭታቸው ይደመርና አራቱ ስምንት ይሆናል። ደንበኛውንም ቀብድ ሲከፍል "ከቤተሰቡ የሚጥል በሽታ ያለበት አለ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጸሐፊው፦
እንዲህ ልጻፈው? "ስትሮብ በጭፈራ ሰዓት ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሰከንድ ከ4 ብልጭታ ሳይበልጥ። ቤተሰቡ 'አይሁን' ካለ አይበራም።"

የሳቢያኑ፦
ይሁን። ፈረምኩ።

ኤሌክትሪሻኑ፦
አሁን ወደ ብሬከሩ እንምጣ፣ እኔን ያስጠራችሁኝ እሱ ነውና። ስሌቱ ቀላል ነው። 54 ባለ 3 ዋት አምፖል አለው የተባለ ሌድ ፓር ካርቶኑን ብናምን 160 ዋት ነው (ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይስብም፣ ግን እኛ እንደሚስብ እንቁጠር)። ስምንት ሲሆን 1,300 ዋት ገደማ። ባለ 230 ዋት አምፖል ሙቪንግ ከሞተሩና ከማራገቢያው ጋር 300 ብለን እንያዘው። አራት ሲሆን 1,200። ድምር 2,500 ዋት። ለ220 ቮልት ስታካፍሉት ከ11 አምፔር በላይ ነው። 16 አምፔር ብሬከር ያለው መስመር ሙሉውን 3,520 ዋት ይችላል፣ ግን ለሰዓታት ከ80 በመቶው በላይ አትጫኑት፤ 2,800 ብላችሁ ያዙ። እንግዲህ ይሄ ላይት ብቻውን መስመሩን ጨረሰው። በዚያው ሶኬት አምፕሊፋየር፣ ጭስ ማሽንና የምግብ ማሞቂያ ሲጨመር ምን እንደሚሆን አይታችኋል።

ላይትና ሳውንድ በተለያየ መስመር ይሁን። ኤክስቴንሽን ተጠቅልሎ እንዳለ ብዙ አትጫኑበት፣ ሙሉውን ዘርጉት። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ድሬ ላይ ደግሞ ሳይጫንም ይሞቃል። ድንኳን ውስጥ ፕላስቲኩ ሲሸት የሚደርስላችሁ እሳት አደጋ ነው፣ ዲጄ አይደለም።

ጀነሬተር የምትከራዩም፣ 5 ኬቪኤ ሲባል 5,000 ዋት መስሏችሁ አትሙሉበት። 4,000 ገደማ ነው፣ እሱንም ጥግ ድረስ አትጠቀሙ።

የሐረሩ፦
የሐረርን ነገር ለየት አድርጋችሁ ጻፉልኝ። ጀጎል ውስጥ ባጃጅ የማይገባበት ጠባብ መንገድ ብዙ ነው። ዕቃው በእጅና በትከሻ ነው የሚገባው። የግቢ ቤት ውስጥ ጣራው ዝቅ ያለ ነው። ሙቪንግ እዚያ ስታስገባ ጨረሩ ከሰው ራስ በላይ የሚሄድበት ቦታ የለም፣ ሁሉም ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ አራት በባትሪ የሚሠሩ ትናንሽ ፓሮች ግድግዳ ሥር አስቀምጬ ወደ ላይ አበራለሁ። የኖራው ነጭ ግድግዳ ሌላውን ይሠራል። ሰው "ስንት ላይት አምጥተህ ነው?" ብሎ ይጠይቃል።

ደግሞ ግንብ ላይ ሚስማርም መንጠቆም መምታት የለም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። "ዲጄዎች ቀዳዱት" መባል አንፈልግም።

የመጋላዋ፦
ያልካቸው አራት ፓሮች መልስ ሰጡኝ። አሥራ ሁለቱን ላይት በሙዚቃው ድምፅ ራሱ እንዲዘል ለቅቆ የሚቀመጥ ዲጄ አለ። ለግማሽ ሰዓት ይገርማል፣ ከዚያ ሰው አያየውም። ሁሉም ሁልጊዜ ከዘለለ ምንም አልዘለለም። ባለ 192 ቻናል ርካሿ ዲኤምኤክስ ኮንትሮለር (ላይቶቹን ከአንድ ቦታ የምታዝ ሳጥን) አሥራ ሁለት ላይት በ16፣ 16 ቻናል ትይዛለች። አምስት የብርሃን ስሜት መዝግባችሁባት አራት ፓር ብቻ ብትይዙ እንኳ ሙሽሮች ሲገቡ ቤቱ ተቀይሮ ይታያል። ልዩነቱ እጅ ነው እንጂ ብዛት አይደለም።

የሳቢያኑ፦
እንግዲያው ኮንትሮለር መያዝን አስተምሩን። እኔ ወላሂ የየላይቱን አድራሻ ቁጥር እየሞላሁ ነው ምሽቱ የሚያልፈው። ሥልጠና ከተሰጠ ሙቪንጌን ከስምንት ወደ አራት ላወርድ እችላለሁ። ዋጋው ግን እንደማይወርድ ወረቀቱ ላይ ይግባ።

አንጋፋው፦
ምሽት ውጭ ለሚሆን ድግስ አንድ ጨምሩ። ሰማያዊና ነጭ ብርሃን ነፍሳትን ይጠራል። ከምግቡ አጠገብ ቢጫ ለዘብ ያለ ይሁን። ሳህን ላይ ቢራቢሮ የወደቀበት እንግዳ ሙዚቃው አይጥመውም። የጨረሩንም አቅጣጫ እዩ፤ የጎረቤት መስኮትና የባጃጅ ነጂ ዓይን ውስጥ አይግባ።

ጸሐፊው፦
እስካሁን የተስማማንበት ይሄ ነው። የላይት ዋጋ ከሳውንድ ይለያል፣ ብዛቱ ስለቀነሰም አይወርድም። ምግብ ሰዓት ሞቅ ያለ ነጭ ብቻ፣ ቀለም ግድግዳው ላይ። ሙቪንግ በጭፈራ ሰዓት፣ ጣራው ከፍ ባለበት፣ ጨረሩ ከሰው ራስ በላይ። ስትሮብ ቀድመን በጻፍነው መሠረት። ሌዘር ከቤት ውጭ ጭራሽ አይኑር፣ ቤት ውስጥም ሰውና ካሜራ ላይ አይዞርም። ላይትና ሳውንድ በየራሱ መስመር። ጀጎል ውስጥ ግንብ አይመታም።

ያልተስማማንበት የጭስ ማሽን ነው፤ አስም ያለባቸው እንግዶች ጉዳይ ስላለ ለብቻው እናየዋለን። አዳራሾቹ መብራታቸውን በመስመር እንዲከፋፍሉ የሚጠይቀውን ደብዳቤ የመጋላዋ ትጽፋለች፣ ኤሌክትሪሻኑ ያየዋል።

ኮንትሮለሩን ለመለማመድ ከዚራ አካባቢ አንድ አዳራሽ ሰኞ ማታ ባዶ ነው፣ ባለቤቱ ፈቅዷል። የሳቢያኑ ስምንቱንም ሙቪንግ ይዞ ይምጣ፤ መጀመሪያ ስምንቱን፣ ቀጥሎ አራቱን አብርተን ቪዲዮ ቀራጩ ሁለቱንም ይቀርጻል። ደንበኛ የትኛውን እንደሚመርጥ ቪዲዮውን አሳይተን እንጠይቃለን።

የሳቢያኑ፦
ስምንት ይመርጣሉ፣ እንወራረድ።

የመጋላዋ፦
ፍሎረሰንቱን ካጠፋህልኝ እወራረዳለሁ።