ኡቡንቱ 24.04፦ አፕዴት «ገና ነው» እያለ እምቢ አለኝ

የሌሊት ወፍ፦
ሰላም ወገን። ሁለተኛ እጅ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ 24.04 (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን የሊኑክስ ሲስተም) ጭኛለሁ። ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ የማሻሻያዎችን ዝርዝር ለማውረድ በቴርሚናል (ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) «ሱዶ አፕት አፕዴት» ስል እምቢ ይላል። የሚገርመው ሁሉም አይደለም የሚከሽፈው። «ኖብል» (የ24.04 ቅጽል ስም) የሚለው መስመር ደህና ያልፋል፣ «ኖብል-አፕዴትስ» እና «ኖብል-ሴኩሪቲ» ላይ ሲደርስ ግን የሪሊዝ ፋይሉ ገና አይሠራም፣ ለሌላ 4 ሰዓት ከ37 ደቂቃ አይጸናም ይለኛል። እሺ ብዬ 5 ሰዓት ጠብቄ ስሞክር ደግሞ ሌላ 3 ሰዓት ከምናምን ጠብቅ አለኝ። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ዩቲዩብ ይከፍታል። ምን በደልኩት?

ጥቁር ስክሪን፦
ሰርቨሩ ነው። ወደ ዋናው ሰርቨር ቀይርና የአፕትን «ሊስትስ» ፎልደር አጽድተህ ድገመው።

የሌሊት ወፍ፦
አደረግኩት። የሞባይል ፓኬጄን በላው እንጂ ለውጥ የለም።

ቀበና፦
ማጽዳቱ እዚህ ላይ አይረዳም። «ገና» የምትለዋን ቃል ያዛት። አፕት የሚያወርደው ዝርዝር፣ ማለትም ያ የሪሊዝ ፋይል ላይ የተፈረመበት ቀንና ሰዓት አለ። ያ ሰዓት ኮምፒውተርህ ገና ያልደረሰበት ከሆነ፣ ነገ የሚጻፍ ደብዳቤ ዛሬ እንዴት እጄ ገባ ብሎ ይጠረጥራል። «ኖብል» የሚያልፍልህ ዝርዝሩ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2024 ከወጣ ወዲህ ስላልተነካ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ቶሎ ቶሎ ይታደሳሉ። ሰዓትህን እስቲ እይ።

የሌሊት ወፍ፦
ሰዓቱማ ልክ ነው። 3፡20 ይላል፣ የሳሎኑ የግድግዳ ሰዓትም 3፡20 ነው።

ቀበና፦
ሃሃሃ፣ አገኘናት! ጠዋት ነው አይደል? ኮምፒውተሩ 3፡20 ሲል በኛ ከሌሊቱ 9፡20 ማለቱ ነው። አሁን 09፡20 ማለት ነበረበት፤ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርተሃል። ያን ጊዜ ዝርዝሩ ከተፈረመ 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ሆኖት ከነበረ ከ6 ላይ ቀንሰው፣ ያቺው 4 ሰዓት ከ37 ደቂቃህ ናት። ማነው በሀበሻ ሰዓት የሞላው?

የሌሊት ወፍ፦
ኧረ ጉድ! የጠገነልኝ ልጅ ነዋ፣ የማዘርቦርዱን ባትሪ ሲቀይር «ሰዓቱንም አስተካክዬልሃለሁ» ብሎኝ ነበር።

ቀበና፦
በእጅ ለመሙላት ብሎ አውቶማቲኩን አጥፍቶታል። ሴቲንግስ ገብተህ ቀንና ሰዓት የሚለው ላይ መልሰህ አብራው፤ በቴርሚናል ከሆነ «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ»። የሰዓት ክልሉ (ታይም ዞኑ) አዲስ አበባ ይሁን። ከዚያ «ዴት» ብለህ አረጋግጥ።

ጥቁር ስክሪን፦
አፕት ቀኑን እንዳያይ ማድረግም ይቻላል እኮ፣ አንዲት ኦፕሽን ናት።

ቀበና፦
ይቻላል፣ ግን አታድርገው። ያ ምርመራ ከተቀመጠበት ምክንያት አንዱ ማንም መሃል ገብቶ የድሮ ዝርዝር እንደ አዲስ እንዳያቀብልህና የሴኩሪቲ ማሻሻያ እንዳያስቀርብህ ነው። ሰዓት ማስተካከል ደቂቃ አይፈጅም።

ድመቷ፦
እኔ የባሰ አይቻለሁ። የአክስቴ ልጅ ዓመቱን በኛ አቆጣጠር ሞላውና ኮምፒውተሩ 7 ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ያኔ አፕት ብቻ ሳይሆን ብራውዘሩም አኮረፈ፤ የድረ ገጾቹ ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫቸው) ሁሉ ገና ያልተጀመረ መሰለው። ያንተ 6 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ነው ዩቲዩብ ያልተቆጣህ።

የሌሊት ወፍ፦
ሠራ! አሁን አፕግሬዱ እየወረደ ነው። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን፣ ላፕቶፑን እናቴም ትጠቀምበታለች፣ እሷ ደግሞ 09፡20 ሲላት «ሌሊት ነው እንዴ?» ትላለች።

ድመቷ፦
ሰዓቱን ሳትነካ የሰዓት ክልሉን ብቻ የአርጀንቲናዋን ቦነስ አይረስ አድርግላት። እኛ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 እንቀድማለን፣ እነሱ 3 ወደ ኋላ ናቸው፣ ልዩነቱ ድፍን 6 ነው። ማሳያውን ባለ 12 ሰዓት ካደረግከው ቀን «ኤኤም»፣ ማታ «ፒኤም» ይልልሃል፤ ቀኑም እንደኛ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል። ውስጡ ያለው ሰዓት ልክ ስለሆነ አፕት ግድ የለውም።

የሌሊት ወፍ፦
እማዬ አርጀንቲና ገባች። 3፡55 ይላል፣ ሳሎንም 3፡55። አፕትም ዝም ብሏል።