ልጁ መናኸሪያ ከመድረሱ በፊት፦ የእድሮቻችን የጋራ ዕቅድ ውይይት

የኅብረቱ ፀሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሞችና እህቶች። ባለፈው እሑድ በኅብረታችን ያሉ የደብረ ብርሃን እድሮች ለወጣቶችና ለቤተሰቦቻቸው የሚሆን አንድ የጋራ ፕሮፖዛል ለለጋሽ ያቅርቡ ብለን ተስማምተን ነበር። ረቂቁን ጽፌ ልኬላችኋለሁ። የሙያ ሥልጠና ይላል፣ የስፖርት ዕቃ ይላል፣ የግንዛቤ ማስጨበጫ ይላል። ደግሜ ሳነበው ግን ልቤ አልረካም።

ትናንት ማታ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ ልጆቹ ግንቡ ሥር ተደራርበው ተኝተዋል። አንዱን አናገርኩት። የመጣው ከሸዋ ሮቢት ነው። ቆላ የለመደ ልጅ ነው። ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ወጥቷል፤ የለበሰው ደግሞ ካናቴራ ነው። ብርድ ልብስ በሚሠራበት ከተማ ክረምቱን በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ያድራል። እናትህ የት እንዳለህ ታውቃለች ወይ ስለው ዝም አለኝ። ለዚህ ልጅ ኳስ ብንገዛለት ምን ያደርግለታል? እኔ የሚመስለኝ፣ ልጁን ለመያዝ ቤቱን መያዝ አለብን። ረቂቁን ሳትሳሱ አርሙት።

መምህርቷ፦
ልክ ነህ። ልጅ በአንድ ቀን ከቤት አይወጣም። እኔ የማስተምረው ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ነው። መጀመሪያ ሰኞ ሰኞ ይቀራል። ቀጥሎ ማርፈድ ያመጣል። ከዚያ ደብተሩ ያንሳል፤ ለአምስት ትምህርት አንድ ደብተር ይዞ ይመጣል። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። አንዱን ለብቻው ጠርቼ ጠየቅኩት። እናቱ አረቄ ትሸጣለች፤ እሱ እስከ እኩለ ሌሊት ጠጪ ሲያስተናግድ ያመሻል።

እኛ ምን እናደርጋለን? «ወላጅ አምጣ» ብለን እንመልሰዋለን። እኔም አድርጌዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንዱ ልጅ የሚያመጣው ወላጅ አልነበረውም። የሚኖረው አያቱ ጋ ነበር፤ እሷ ደግሞ እግሯ ታሞ ከቤት አትወጣም። በዚያው ቀረ። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ውስጥ አንድ ነገር ይግባልኝ። ተማሪ ሦስት ቀን በተከታታይ ከቀረ ትምህርት ቤቱ ለእድሩ ይንገር፣ እድሩም ሁለት ሰው ቤቱ ድረስ ይላክ። ወላጅ አይጠራ፤ እኛ እንሂድ።

የእድር ዳኛ፣ ከጠባሴ፦
ልጆቼ፣ ሐሳቡ መልካም ነው። ገንዘቡን ግን በጥንቃቄ ያዙት። የእድር ብር የሐዘን ብር ነው። እናቶች ከጉልት ቆጥበው የሚያዋጡት ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ሳይወስን፣ መተዳደሪያ ደንቡ ሳይሻሻል አንድ ብር አይነካም። እዚህ ላይ ማንም አያሳምነኝም።

ሰው ግን አለን። ኤች አይ ቪ ሰዉን በሚጨርስበት ዘመንም እድር ለቀብር ነው ይባል ነበር። በኋላ ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ታማሚ ማስታመም፣ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች መደገፍ ጀመሩ። አሁንም ይቻላል። ማን ቤት ጭስ እንዳልወጣ፣ የማን ልጅ ከዓይን እንደጠፋ ከእድርተኛ በላይ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የለም። ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩም ሐዘን በሌለ ቀን ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ያጥኑበት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፦
ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው። ግን ጎረቤት ሁሉን ማወቁ አደጋም አለው። ቤት የሚሄዱት ሰዎች ያዩትን የቡና ወሬ እንዳያደርጉት። የቤቱ ገመና አንዴ ከወጣ ያ በር ዳግመኛ አይከፈትልንም። ሁለቱን ሰዎች ቤተሰቡ ራሱ ይምረጣቸው፤ አንዷ የግድ ሴት ትሁን።

ሌላው፣ ለሽምግልና የማይቀርብ ጉዳይ እንዳለ በግልጽ ይጻፍ። ልጅ ተደፍሮ ከሆነ፣ ሴትም ይሁን ወንድ፣ በእርቅ አይያዝም። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋምና ወደ ፖሊስ ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ሦስት ቀን ያልፋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንዲደገም አልፈልግም።

ስለ ሱስ ደግሞ፣ ጫትም አረቄም ማስቲሽም የያዘውን ልጅ ስድብ አያድነውም። ጠበል የሚወስዱትን አትከልክሏቸው። ሐኪም ዘንድም ይሂድ። ሁለቱ አይጣሉም።

የሕግ ባለሙያ፦
በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። ፍርድ ቤቱ ለዘመዶቹ፣ እነሱ የማይሆኑ ከሆነ ለታመነ ሰው በአደራ ሊሰጠው ይችላል። ስልክ ሰርቆ የተያዘ የ13 ዓመት ልጅ ዳኛ ፊት ሲቀርብ «እኔ እወስደዋለሁ» የሚል ሰው ያስፈልገዋል። እድሮቻችን እንዲህ ያሉ ሰዎችን አስቀድመው ቢያዘጋጁ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራ ስናስገባቸውም እንጠንቀቅ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። 18 ያልሞላው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። ጋራዥና ዳቦ ቤት ስናስቀጥራቸው ውሉ ላይ ይግባ።

ወጣቱ አባል፦
እኔ መናኸሪያ አራት ዓመት ሸክም ሠርቻለሁ። ሥልጠናም ወስጃለሁ። ብየዳ ነው የተማርኩት፤ የምስክር ወረቀቱ እስካሁን አለ። ሥራ ልጠይቅ ስሄድ ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር፦ ዋስ አለህ? ቤተሰቤ መንዝ ነው። ከጎዳና ለመጣ ልጅ ማን ዋስ ይሆናል?

እኔን ያወጣችኝ አንዲት ጉልት ሻጭ ናት። ማታ ማታ ያገኘሁትን ብር እሷ ጋ አስቀምጥ ነበር፤ ኪሴ ካደረ ይወሰድብኛል። ስምንት ወር ያዘችልኝ። አንድም ቀን አልጎደለም። በኋላ ባሏን ለምና ዋስ አስሆነችልኝ። እድሮቹም ዋስ ይሁኑልን። ሥልጠናው የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ወንድሜ፣ ያልከው ገብቶኛል። ግን ልጁ ዕቃ ይዞ ቢጠፋ ማን ይከፍላል? ዋስትናው በብር መጠን ይወሰን። ለኪሳራ የሚሆን ትንሽ መጠባበቂያም ከለጋሹ ይጠየቅና በሌላ ሒሳብ ይቀመጥ። ከቀብሩ ብር ጋር አይደባለቅ።

የእድር ዳኛ፣ ከጠባሴ፦
ይሄ ያስማማኛል። የመጀመሪያውን ልጅ እኔ በግሌ እዋሳለሁ። ስሜን ጻፉት።

ከአጣዬ የመጣሁ እናት፦
ወደዚህ ውይይት በሴቶች የቁጠባ ቡድናችን በኩል ነው የገባሁት። የሁላችሁንም አነበብኩ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። ሁሉንም በእድር በእድር ነው የምትሉት። እኔ እዚህ እድር የለኝም።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ልጆቼን ይዤ ነው የመጣሁት። እዚያ እድር ነበረኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ከፍያለሁ። እዚህ ልግባ ብል መግቢያው ከቤት ኪራዬ ይበልጣል። ቤት ልቀቂ በተባልኩ ቁጥር ደግሞ ሰፈሬም ይቀየራል። እንደኔ ያለ ብዙ ነው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ትምህርቱን ትቶ የቀን ሥራ ይውላል። አሁን አሁን ማታ መዘግየት ጀምሯል። መምህርቷ የቆጠረችው ሁሉ ታይቶበታል። በእናንተ ዕቅድ የእኔን በር ማን ያንኳኳል?

የኅብረቱ ፀሐፊ፦
እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ይህን እኛ ማየት ነበረብን። ዋናውን አንቀጽ እንደገና ጽፌዋለሁ፦

«በእድሩ ሰፈር የሚኖር ማንኛውም ቤተሰብ፣ እድርተኛ ቢሆንም ባይሆንም፣ ልጁ ከትምህርት ሲቀር ወይም ከቤት መራቅ ሲጀምር እድሩ ቤተሰቡ የሚመርጣቸውን ሁለት ሰዎች ይመድባል። ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ያለ መግቢያ ክፍያ፣ በወርኃዊ መዋጮ ብቻ እድር እንዲገቡ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። ቤተሰቡ ሰፈር ሲቀይር የቀድሞው እድር ለአዲሱ ያስረክባል።»

ቀጥሎ ዋስትናው፣ ከዚያ የፍርድ ቤቱ አደራና የ72 ሰዓቱ ጉዳይ ይመጣል። የስፖርት ዕቃውን ወደ መጨረሻ አውርጄዋለሁ። ግንዛቤ ማስጨበጫውን አውጥቼዋለሁ፤ ለአዳራሽና ለአበል የሚወጣው ብር ብዙ ብርድ ልብስ ይገዛል። ጥቅምት ላይ ውርጩ ይገባል፤ መናኸሪያ ለሚያድሩት ልጆች የማታ ማደሪያው ነገር መስከረም ሳያልቅ መልስ ማግኘት አለበት። ጋሼ፣ የመግቢያ ክፍያውን ጉዳይ ጉባኤ ላይ እርስዎ ቢያነሡት ይደመጣል።

የእድር ዳኛ፣ ከጠባሴ፦
አነሣዋለሁ። የእኛ እድር ቅዳሜ ይሰበሰባል። እስከዚያ ግን የእትዬን ቤት እኔና መምህርቷ ነገውኑ እንሂድ፣ እሷ ከፈቀደች። በር ለማንኳኳት ደንብ እስኪሻሻል አይጠበቅም።

መምህርቷ፦
እኔ ዝግጁ ነኝ።

ከአጣዬ የመጣሁ እናት፦
ከ11 ሰዓት በኋላ ኑ። ያኔ እሱም ከሥራ ይገባል።