ካስቴል የማይንዝ ነው ወይስ የቪስባደን?

ጥያቄ፦ ከራይን ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ካለፈው ወር ጀምሮ የምኖረው በጀርመን አገር፣ ከማይንዝ ከተማ ፊት ለፊት ከራይን ወንዝ ማዶ በሚገኘው ካስቴል በተባለው ሰፈር ነው። አድራሻዬ «ማይንዝ-ካስቴል» ስለሚል የነዋሪነት ምዝገባዬን ለመፈጸም ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ ማይንዝ ሄድሁ፤ እዚያ ግን ጉዳዬ የሚታየው ቪስባደን እንደሆነ ተነገረኝ። የጎረቤቴ መኪና የቪስባደን ሰሌዳ ለጥፏል፤ እርሳቸው ግን «እኔ የማይንዝ ሰው ነኝ» ይላሉ። ለመሆኑ ሰፈሩ የማን ነው?

መልስ፦ የቆየ ነዋሪ

ወንድሜ፣ የምዝገባውን ነገር በአጭሩ ልጨርስልህ፤ አስተዳደሩ የቪስባደን ስለሆነ ወረቀትህን ሁሉ የምትጨርሰው እዚያው ነው። በፖስታ ቁጥሩ አትታለል። የካስቴል ቁጥር እንደ ማይንዝ ሁሉ በ55 ይጀምራል፤ የስልክ መለያው 06134 ደግሞ የማይንዝም የቪስባደንም አይደለም።

ታሪኩ ግን ረዘም ይላል። ካስቴል ስሙን ያገኘው ሮማውያን ከማይንዝ የሚሻገረውን ድልድይ ለመጠበቅ ከሠሩት ምሽግ ሲሆን፣ ካስቴልና ጎረቤቱ አሜኔቡርግ በ1908፣ ሌላው ጎረቤት ሰፈር ኮስትሃይም ደግሞ በ1913 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በይፋ ወደ ማይንዝ ተጠቃለዋል። በ1945 ጀርመን ስትሸነፍ አሸናፊዎቹ አገሩን ሲከፋፈሉ በዚህ አካባቢ ወሰን ያደረጉት የራይንን ወንዝ ነበር፤ በግራ ያለው ለፈረንሳይ፣ በቀኝ ያለው ለአሜሪካ ጦር ደረሰ። ማይንዝ ወንዙን ተሻግሮ የተዘረጋ ከተማ ስለነበር ከግዛቱ ግማሽ ያህሉን አጣ፤ ሦስቱ ሰፈሮች በዚያው ዓመት በአሜሪካኖቹ ክልል ለነበረው ለቪስባደን ተሰጡ። ቀጥሎ ቪስባደን የሄሰን፣ ማይንዝ የራይንላንድ-ፋልስ ዋና ከተማ ስለሆኑ የጦር ሠራዊት መስመር የነበረው የሁለት ክፍላተ ግዛት ወሰን ሆኖ ቀረ። የሚገርመው፣ ከ1816 ጀምሮ የሄሰን ታላቅ መስፍን ግዛት የነበረው ማይንዝ ራሱ ነው፤ ቪስባደን ግን ከ1866 ጀምሮ የፕሩሲያ ነበር። ዛሬ የሄሰን መዲና ቪስባደን ሆኖ «ራይንሄሰን» የሚባለው አገር ከሄሰን ውጪ ቀርቷል።

ማይንዞች «በአደራ እንጂ ለዘለቄታው አልሰጠንም» ይላሉ። ቪስባደን ሰፈሮቹን ቢያስተዳድርም «ማይንዝ» የሚለውን ቅጥያ ከስማቸው ላይ አላነሣም፤ ጎረቤትህ በስሙ የሚኮሩት ለዚህ ነው።

መልስ፦ ሕግ አዋቂ

በላይኛው መልስ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጉዳዩ የሁለት ከንቲባዎች ቢሆን ኖሮ ምናልባት ድሮ ያልቅ ነበር፤ ነገር ግን ካስቴልን ወደ ማይንዝ መመለስ ማለት የክፍለ ግዛት ወሰን መለወጥ ማለት ነው። የጀርመን ሕገ መንግሥት 29ኛው አንቀጽ የሚዘዋወረው ሕዝብ ከ50 ሺህ ካልበለጠ ለውጡ በሁለቱ ክፍላተ ግዛት ስምምነት እንዲፈጸም ይፈቅዳል። የሦስቱ ሰፈሮች ነዋሪ ከዚያ ቁጥር በእጅጉ ስለሚያንስ መንገዱ በሕግ ክፍት ነው። የማይከፈተው በሌላ በኩል ነው፤ አሜኔቡርግ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሲሚንቶና የኬሚካል ፋብሪካ ሰፈር ስለሆነ ከእነዚህ ድርጅቶች የሚሰበሰብ ግብር ያለውን ቦታ በፈቃዱ የሚለቅ ከተማ ማግኘት ይከብዳል። እኔ እንደሚመስለኝ የስሙ ክርክር ከግብሩ ክርክር ይልቅ ጎልቶ የሚሰማው፣ ስለ ስም መከራከር ወጪ ስለሌለው ነው።

መልስ፦ የኮዬ ልጅ

ይህን ሳነብ የኛው ኮዬ ፈጬ ትዝ አለኝ። በ2011 ዓ.ም. የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ዕጣ ሲወጣ ቦታው የአዲስ አበባ ነው ወይስ የኦሮሚያ የሚል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ሁለቱ አስተዳደሮች በወሰናቸው ላይ መስማማታቸውን ያስታወቁት በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው። ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም፤ በካስቴል ወሰኑን ያሰመረው የውጭ ጦር ሲሆን፣ በኮዬ ፈጬ ግን ከተማው እየሰፋ ሄዶ ነው ከወሰን ጋር የተገናኘው። ቤት የደረሰውም ያልደረሰውም፣ መሬቱን ያረሰውም ገበሬ በዚያ ክርክር ውስጥ ነበሩ።

መልስ፦ ከራይን ማዶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ቪስባደን ሄጄ ተመዘገብሁ። በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ራስጌው ቪስባደን፣ አድራሻዬ ደግሞ ማይንዝ-ካስቴል ይላል፤ ለጎረቤቴ ሳሳያቸው ጣታቸውን ያሳረፉት በሁለተኛው ላይ ብቻ ነበር።